ረጅም ባቡር በጠባብ መታጠፊያ፦ ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ የላክህልኝን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። አዲሱ የቢግ ቦይ ሞዴል ሎኮሞቲቭህ ቀጥታው ላይ ተንደረደረ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ወደ ውጭ አወጣ፣ ከዚያ ስምንት ፉርጎ አስከትሎ በጎኑ ተጋደመ። ከኋላ የሚሰማው ሳቅ ያንተ ነው። ሳቁን ወደድኩት፤ ስንት እንደከፈልክበት ስለማውቅ ግን አብሬህ መሳቅ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ባቡሩ ችግር ያለበት መሰለኝ፣ ልመልሰው?» ብለህ ጽፈሃል። አትመልሰው። ባቡሩ ደህና ነው።

እኔ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስቀጠር የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ናፍጣው ገብቶ ነበር። ያስተማሩን ግን በእንፋሎት ያደጉ ሽማግሌዎች ናቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤዝመንት ውስጥ ትንንሽ ባቡር ሳዞር ኖሬያለሁ፤ ባለቤቴ ሞዴሉን «ጣውንቴ» ትለዋለች። ከሁለቱም ቤት ያገኘሁትን ልንገርህ። ዓመተ ምሕረቱን እዚህ እንደለመድከው በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።

1. ሎኮሞቲቭ ከመግዛትህ በፊት መታጠፊያህን ለካ። አንተ ሣሩን አየህ እንጂ ገደሉን አላየህም። ጠረጴዛህ ላይ ያለው ክብ ሐዲድ ሬዲየሱ 18 ኢንች ነው፤ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሞዴልህ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ መታጠፊያህን በ87 አባዛው፤ 40 ሜትር ይመጣልሃል። እውነተኛው ቢግ ቦይ ከኋላ ከሚጎትተው የከሰልና የውሃ ጋሪ ጋር 40 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። እንግዲህ የባቡርህ ርዝመትና የመታጠፊያህ ሬዲየስ እኩል ናቸው ማለት ነው! የነደፉት መሐንዲሶች እንኳ ከ88 ሜትር ገደማ በጠበበ መታጠፊያ እንዲገባ አላሰቡትም፤ ይህም ባንተ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ «በ18 ኢንች ይዞራል» የሚል ብታነብ ውሸት ነው አልልህም። ይዞራል። ያምርበታል፣ ከባድ ይጎትታል፣ ሁልጊዜም ይዞራል ተብሎ ግን አልተጻፈም። የቆዩት ሞዴል ሠሪዎች መመሪያ አላቸው፦ የመታጠፊያህ ሬዲየስ ከረጅሙ ፉርጎህ ርዝመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ረጅሙ የመንገደኛ ፉርጎ በሞዴል 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሦስት እጥፉ 90 ነው። ይህን ያህል ቦታ ከሌለህ ሌላ መላ አለ፣ በኋላ እነግርሃለሁ።

2. እውነተኛው እንዴት እንደሚታጠፍ ሄደህ እይ። ባልቲሞር ካንተ ቤት ሩቅ አይደለም። እዚያ የባቡር ሙዚየሙ ውስጥ 1604 ቁጥር ያለው አሌጌኒ የሚባል ሎኮሞቲቭ ቆሟል፤ በ1941 የተሠራ፣ ከቢግ ቦይ ጋር ትከሻ የሚለካካ ነው። ፎቶ ብቻ ተነስተህ እንዳትመለስ። ጎንበስ ብለህ ሆዱን እይ። ኋለኛው የጎማ ስብስብ ከቦይለሩ ጋር አንድ ሆኖ ታስሯል፤ ፊተኛው ግን በማጠፊያ ተይዞ ለብቻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይላል። የዚህ ሐሳብ አባት አናቶል ማሌ የሚባል ስዊሳዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1884 ነው። ረጅሙን ሰውነት ከወገቡ ከፍሎ እንዲተጣጠፍ አደረገው።

ይህ ለኛም ሰፈር ባዕድ አይደለም። ከምጽዋ ተነስቶ በ1911 አስመራ የገባው መስመር ሐዲዱ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል፤ ተራራውን ሲወጣ በጣም የጠበበው መታጠፊያው 70 ሜትር ነው። ያንን ዳገት የቻሉት በማሌ ንድፍ የተሠሩት ሎኮሞቲቮች ናቸው። በ1938 ጣሊያን አገር ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከኤርትራ ነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተመልሰው ባደሱት መስመር ላይ እንደገና ጭሰዋል። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲሠራ ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ግን ወሬዬን ልጨርስ። 70 ሜትርን ለ87 አካፍለው፤ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለ ጠመዝማዛነቱ የተመሰከረለት፣ ለዚያውም ለአጫጭር ባቡሮች የተሠራ መስመር፣ መታጠፊያው ካንተው በእጥፍ ሊሰፋ ጥቂት ነው የቀረው።

ባንተ ሞዴል ላይ ደግሞ ጠባቡን እንዲችል ብለው ሁለቱንም የጎማ ስብስቦች እንዲዞሩ አድርገዋቸዋል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩን ፎጣ ላይ በጀርባው አስተኛውና እያንዳንዱን በጣትህ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ግፋው። እኩል ይሄዳል? የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጎትተዋል? ከጎኑ ያለ ቧንቧ ይገታዋል? በአንድ በኩል ብቻ የሚነክስ ከሆነ ባቡርህ በግራ መታጠፊያ ሰላም ውሎ በቀኝ ይወድቃል፣ አንተም ሐዲዱን ትራገማለህ።

3. ወገብ የሌለውን ረጅም ባቡር ከሁሉም አብልጠህ ፍራ። ሶቪየቶች ወገቡን ሳይከፍሉ ሰባት ጥንድ ትልልቅ ጎማ በአንድ ፍሬም ላይ የደረደሩበት ሎኮሞቲቭ በ1934 ሠሩ። ከመካከለኞቹ ጥንዶች ላይ ሐዲዱን የሚይዘውን ከንፈር አነሱላቸው፣ እንዲዞር ብለው። አልበጀውም። ሐዲዱን እየገፋ አሰፋው፣ የሐዲድ መቀየሪያዎቹን ሰበረ፣ እየወጣ ተጋደመ። ከዚያ አቆሙትና በ1960 ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ። እንግሊዞች ግን ልኩን አውቀው ያንኑ ዘዴ ተጠቅመውበታል፤ ከ1954 እስከ 1960 የሠሯቸው 251 ባለ አምስት ጥንድ ሎኮሞቲቮች መካከለኛው ጎማቸው ከንፈር የለውም፤ ደህና ሠርተዋል። አውስትሪያዊው ካርል ገልስዶርፍ ደግሞ ከ1900 ጀምሮ ከንፈሩን ሳይነካ አክስሎቹ ወደ ጎን ትንሽ እንዲንሸራተቱ ለቀቃቸው። ሞዴል ሠሪዎችም ሁለቱን ዘዴ ይጠቀማሉ። ከንፈር የሌለው ጎማ መታጠፊያው ከመጠን በላይ ሲጠብ ከሐዲዱ አናት ወርዶ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሐዲዱ ሲቃና ተመልሶ ለመውጣት ከጎን ይደናቀፋል። ቪዲዮ ላይ ሳትወድቅ የምትዘል የምትመስል ባቡር ካየህ ይኸው ነው።

4. ባቡሩን ከመክሰስህ በፊት ሐዲዱን ክሰስ። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብበው። ድሬዳዋ አንድ አለቃ ነበሩን፤ ባቡር ሐዲድ ሳተ ሲባል ወደ ባቡሩ አይሄዱም፣ መቶ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው በሆዳቸው ተኝተው በአንድ ዓይን ሐዲዱን ያያሉ። እኛ ወጣቶቹ እንስቅ ነበር። እዚህ አገር መጥቼ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ሎኮሞቲቭ አንድ ቦታ ላይ እየወጣ ሁለት ወር አስለቀሰኝ። ጎማውን በሞረድ ነካካሁ፣ ክብደት ጨመርኩ፣ ፈትቼ ገጠምኩ። በመጨረሻ ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ሳይ ሁለት ሐዲድ የሚገናኙበት ቦታ እንደ ክርን ወጣ ብሏል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ትንሹ ባለአራት ጎማ ባቡሬ ሲያልፍበት ምንም አይሰማውም ነበር። ረጅሙ ግን ያችን ክርን ምሕረት አላደረገላትም። ጎማውን የሞረድኩት በከንቱ ነው፤ እሱንም መለወጥ ግድ ሆነብኝ።

እንዲህ ያለ ክርን ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ተጣጣፊ ሐዲድ ስትጠቀም ነው። ሁለቱን ለየብቻ አጥፈህ መታጠፊያው ላይ ብታገናኛቸው ጫፎቹ ወደ ቀጥታቸው መመለስ ስለሚፈልጉ ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቀጥ እንዳሉ አገናኝተህ በሊድ በይዳቸው፣ ከዚያ እንደ አንድ ሐዲድ አጥፋቸው። ከሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ከጎበጠም ሐዲዱ ይጎብጣል፤ በረጅም ማስመሪያ ፈትሸው። ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የምትሠራ ይመስል ጊዜ ውሰድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው የነገሩን ለባቡርም ነው።

5. ከቀጥታው ወደ ኩርባው በድንገት አትግባ። መኪና ስትነዳ መሪውን በአንድ ጊዜ አትጠመዝዘውም፤ ቀስ እያልክ ትጨምራለህ። ሐዲድም መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ይበልጥ፣ ከዚያ እስከ ልኩ መታጠፍ አለበት። እውነተኛ የባቡር መስመሮችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ መግቢያ አላቸው። ቀጭን ጣውላ ወስደህ አንዱን ጫፍ ቀጥታው ላይ፣ ሌላውን ኩርባው ላይ ብትቸክለው፣ በመካከል ራሱ የሚይዘው ቅርፅ የምትፈልገው ነው፤ በእርሳስ ተከትለህ አስምረው። ለዚህ እንዲበቃ ኩርባው ከቀጥታው መስመር በትንሹ ገባ ብሎ ይጀምር።

ይህን ለሞዴል ሠሪው ሕዝብ በደንብ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ጆን አርምስትሮንግ ነው። የት ይኖር እንደነበር ታውቃለህ? እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ። እኛ ሽሮ በምንገዛበት ከተማ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ትልቅ የባቡር መስመር ገንብቶ ይኖር ነበር፤ በ2004 ነው ያረፈው። ስለ ሐዲድ አቀማመጥ የጻፈው መጽሐፍ በ1963 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። ረጅም ፉርጎ ወደ ኩርባ ሲገባ በድንገት ወደ ጎን የሚያደርገውን መወርወር በቁጥር ያስላው ነበር፤ ሰው ቁም ነገሩን የሚያሳየው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ላይ ነው።

6. ግራ ታጥፈህ ወዲያው ቀኝ አትታጠፍ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎህን ያህል ቀጥታ ሐዲድ አስገባ። ያለዚያ የፊተኛው ጭራ ወደ አንድ ጎን፣ የኋለኛው አፍንጫ ወደ ሌላው ጎን ይሄድና ማያያዣው ሁለቱንም ጎትቶ ያወጣቸዋል። የሐዲድ መቀየሪያ ከኩርባ ጋር ስታገናኝም ሳታውቀው ይህንኑ ትሠራለህ። ቪዲዮህ ላይ ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ አይቻለሁ።

7. በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት ለካ። ባንተ መጠን የሁለቱ ጎማ ጀርባ ለጀርባ ርቀት 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የሚሸጠው ትንሽ የብረት መለኪያ አለ፤ ጎማውንም ሐዲዱንም በአንድ ጊዜ ይነግርሃል። ግዛው። ከዚያ በኋላ በግምት አትንገረኝ።

8. የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ቀልድ አይደሉም። በእውነተኛው ባቡር ላይ አፍንጫውን ወደ ኩርባው የሚመሩት እነሱ ናቸው። በሞዴል ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ክብደት የሌላቸው ተጎታቾች ናቸው፤ መጀመሪያ ሐዲድ የሚስቱትም እነሱ ናቸው። ትንሽ የእርሳስ ብረት ጫንባቸው፣ ወይም ስፕሪንጋቸው በቀስታ ወደ ታች እንዲጫናቸው አድርግ፤ በጣም ከጠነከረ ግን ትልልቆቹን ጎማዎች ያነሣብሃል። ሌላ ጣጣም አለ። ጠባብ ኩርባ ላይ እነዚህ ጎማዎች ዞረው ከሲሊንደሩ ጋር ይነካካሉ፣ ያን ጊዜ ኮረንቲው ይጋጫል፣ ባቡሩም ቀጥ ይላል። «ሞተሩ ተቃጠለ» ብለህ ትደውልልኛለህ። ክፍሉን አጨልምና ቀስ ብለህ አዙረው፤ ብልጭታው የት እንደሆነ ይታይሃል። ያቺን ቦታ የጥፍር ቀለም ቀባት፣ ይበቃል። የእህትህን ግን አስፈቅደህ ውሰድ።

9. ባቡሩ የሚጠርገውን ቦታ እወቅ። ረጅም ነገር ሲታጠፍ ጫፎቹ ወደ ውጭ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ይወጣል። በፕላስተር አንድ እርሳስ ከአፍንጫው፣ ሌላ ከመካከሉ አስረህ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ካርቶን አንጥፈህ በእጅህ ግፋው፤ የተሣለው መስመር ወሰንህ ነው። ከዚያ ውስጥ ምሰሶ፣ ግድግዳ፣ የዋሻ አፍ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ባቡር አይግባ። እኔ ይህን ያወቅሁት አንድ ክረምት ሙሉ ከጂፕሰም የሠራሁትን ዋሻ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ሎኮሞቲቩ ሄዶ አፉን ሰበረው።

10. ከኋላ የሚከተለውንም አስብ። በሎኮሞቲቩና በጋሪው መካከል ያለው ማገናኛ ሁለት ቀዳዳ ካለው አጭሩ ለዓይን፣ ረጅሙ ለጠባብ ኩርባ ነው፤ አንተ ረጅሙን ተጠቀም። ቀላል ፉርጎ ከፊት፣ ከባድ ከኋላ አታድርግ፦ ባቡሩ ሲጎተት ገመድ እንደሚወጠር ነው፣ መካከል ያለውን ቀላሉን ወደ ውስጥ ጎትቶ ያጋድመዋል። ያንተ ስምንት ፉርጎ የተጋደመው ወደ ውስጥ ነው፣ አይቼዋለሁ። የዚያው የሞዴል ባቡር ማኅበር የፉርጎ ክብደት ልክ 28 ግራም፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 112 ግራም ይመዝን ማለት ነው። የወጥ ቤቱ ሚዛን ይበቃል። ረጅም ባቡር በጠባብ ኩርባ ወደ ኋላ አትግፋ፤ ያኔ ደግሞ ወደ ውጭ ያብጣል።

11. ዝግ በል። በኃይለኛ ፍጥነት የሚያልፍ ባቡር ስህተትህን ይሸፍንልሃል፣ ሲወድቅ ግን መሬት ድረስ ነው።

12. ቦታው እምቢ ካለ ባቡሩን እንጂ ግድግዳውን አትታገል። ኪራይ ቤት ነው ያለኸው፤ አንድ ሜትር ሬዲየስ ማለት ሙሉ ዙሩ ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት ይፈልጋል፣ አልጋህን የት ልታደርገው ነው? ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው፣ ጠባቡን ኩርባ ከተራራ ሥር ደብቀህ ቢግ ቦይህን ቀጥታውና ሰፊው ላይ ብቻ ማሳየት ነው። ወይም ራስህ ክቡ መካከል ቁም፤ ኩርባ ከውስጥ ሆነው ሲያዩት የከፋነቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው እኔ የምመርጠው ነው፦ ለጠባብ አገር የተሠራ ባቡር ያዝ። ኤፍሬም ሼይ የሚባል ሚሺጋናዊ እንጨት ነጋዴ በ1881 መብቱን ያስመዘገበው ሎኮሞቲቭ አለ፤ ሲሊንደሩ በጎኑ ቆሞ በዘንግና በጥርስ ጎማዎቹን ሁሉ ያዞራል፣ ሐዲድ በተዘረጋበት ሁሉ ይሄዳል፣ እንጨት ቆራጮች በጫካ ውስጥ ለጣሏቸው የተንጋደዱ ሐዲዶች ተብሎ የተሠራ ነው። ቀስ ብሎ ሲንፏቀቅ ማየት አይሰለችም። እንግዶች ሲመጡ ሁሉም የሚከበው እሱን ነው፣ ቢግ ቦይን አይደለም።

ቢግ ቦይንም አልጠላውም፣ እንዳይመስልህ። 25 ብቻ ነው የተሠሩት፣ በ1941ና በ1944። ስሙን ያወጣለት አንድ ማንነቱ ያልታወቀ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው ይባላል፤ በጠመኔ ግንባሩ ላይ ጻፈበት። በ2019 አንዱን፣ 4014ን፣ አድሰው እንደገና ሲያስነሱት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ እንባዬ መጥቷል፤ ባለቤቴ ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሎኮሞቲቩን በፎጣ ጠቅልለህ አምጣው፤ ስምንቱንም ፉርጎ፣ ካቻቢቴህንም። እስከዚያ ሐዲዱ ላይ እንዳታወጣው።